የጳጉሜን ዩሪያ

«ከዓባይ ማዶ ያለ አንድ ዩኒየን ወደ አዲስ ሲስተም እዛወራለሁ ብሎ የዘጠኝ ዓመት ቁጥሩ በአንድ ጀምበር ድራሹ ጠፋ አሉ።»

አቶ ገሰሰ ይህን ወሬ ያልነገሩት ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ለፀጉር አስተካካያቸው ነግረዋል፤ ለንስሐ አባታቸው ነግረዋል፤ የሒሳብ ክፍሏ አልማዝማ ከመስማቷ ብዛት እሳቸው ሲጀምሩት እሷ ትጨርሰዋለች። «ማን ነገረዎ?» ሲባሉ «አሉ ነው እንጂ!» ብለው ይቆጣሉ። መጀመሪያ ሦስት ዓመት የነበረው ቁጥር ዘጠኝ የደረሰውም በእሳቸው አፍ እየወፈረ ሄዶ ነው።

አንድ ቀን ከወረታ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ቦርሳሽን ከላይ አድርጊው እንጂ፤ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ኮምፒውተር ነው፣ አባቴ። እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው።»

ኮምፒውተር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወሬው በራሱ ጊዜ ከአፋቸው ወጣ። ከዓባይ ማዶ ጀምረው ድራሹ ጠፋ እስከሚለው ድረስ አንድም ሳያስቀሩ አወረዱት። ወጣቷ ጸጥ ብላ ሰምታ፣

«ቅጂ አልነበራቸውም?» አለች።

«የምን ቅጂ?»

«ከመዛወራቸው በፊት ቁጥሩን ሌላ ቦታ አላስቀመጡም ወይ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው እኔ ብሆን ሳልጠይቅ አላወራውም ነበር።»

አቶ ገሰሰ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወሬ የሚነገረው ሰው «ጉድ ነው!» እንዲል እንጂ መርማሪ እንዲሆን ነው እንዴ?

በማግስቱ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ተስፋነህ ያችኑ ልጅ ይዞ ቢሯቸው ገባ። «ጋሽ ገሰሰ፣ እፀገነት ትባላለች። ቁጥራችንን ወደ አዲሱ የመረጃ ትንተና ሲስተም የምታዛውርልን እሷ ናት» ብሏቸው ወጣ።

ነገሩ ለአቶ ገሰሰ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በመኸር በረከት የገበሬዎች ዩኒየን የመረጃ ክፍል ኃላፊ እንደመሆናቸው፣ ይፋግ፣ እብናትና ሌሎቹም መጋዘኖች ያከፋፈሉትን ማዳበሪያ በየወሩ በስልክ እየጠየቁ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባሉ። የእያንዳንዱ መጋዘን የከርሞ ድርሻ የሚወሰነው በዚያ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይህንንም እንደ ሹመት ይቆጥሩታል። ታዲያ እብናት በየዓመቱ ዩሪያ ያጥራታል። እሳቸው ደግሞ የእብናት ልጅ ናቸው። አገሬው «ገሰሰ ድርሻችንን ይሸጠዋል» ይላል። እዚያው የሚያርሰው ታናሽ ወንድማቸው ይሻው ሳይቀር አምና በሰው ፊት፣ «ሌባ ነው አልልም፤ አይደለም ብዬ መማል ግን አቃተኝ» ብሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ቢገኝ ማን ያምናቸዋል?

«ዲፕሎማሽ ከየት ነው?» አሏት፣ እንድትቀመጥ እንኳ ሳይጋብዟት።

«ከየትም አይደለም። ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁ። ሊያባርሩኝ ከፈለጉ ግን ቁጥር ስሳሳት ይያዙኝ፤ ቁጥሩን የምሠራው እኔ እንጂ ዲፕሎማው አይደለም።»

«እሱን ነው የምጠብቀው። መቼ ነው እንግዲህ የምታጠፊው? ዛሬ ወይስ ነገ?»

«ጋሽ ገሰሰ፣ ቤት የሚለቅ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ያያል። በየወሩ ስንት ዓይነት ሪፖርት ያወጣሉ?»

«ሠላሳ አንድ!» አሉ ኮራ ብለው።

«ማን ያነባቸዋል?»

እፀገነት በየክፍሉ ዞራ ጠየቀች። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማንም አንብቦት አያውቅም። አንደኛውማ ለተዘጋ ፕሮጀክት የሚላክ ነበር። አልማዝ «እኛስ ጋሽ ገሰሰ የሚያወጡት ለነፍሳቸው መስሎን!» ብላ ስትስቅ ሰምተው፣ ልጅቷ ልታዋርዳቸው የመጣች መሰላቸው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፦ ሰው የሚፈራው ሁልጊዜ ሥራው እንዳይበላሽ አይደለም። አንዳንዴ ሥራው ያለ እሱም እንዳይሄድ ነው የሚፈራው።

ከዚያ ወዲህ አቶ ገሰሰ እንደ ዘበኛ ይጠብቋት ጀመር። ቁጥራቸውን በፍላሽ ገልብጠው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ዞሩ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ አንድ ረፋድ ላይ፣ ወንበራቸውን ወደሷ ሳብ አድርገው። «ኔትወርክ ሲዘጋስ? እዚህ አገር እንደሆነ መቼ ይዘጋ መቼ ይከፈት አይታወቅም።»

«መጋዘን ጠባቂው ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ ራሱ ይልከዋል። የአሁኑ ኮምፒውተርዎስ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል?»

«...ይጠፋል።»

«አዬ!»

«አትሳቂ! የገበሬው ቁጥር ማን እጅ ይገባል? ነገ ተነስቶ ግብር የሚቆልል ቢያየውስ?»

«ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች፤ ሳቋንም ተወች። «ለዚህ ነው ማን እንደሚያይና ማን እንደሚያርም ከአሁኑ መወሰን ያለብን። መጋዘን ጠባቂው የራሱን ብቻ ያያል። የሚያርሙት አንቱ ነዎት፤ ግን ያረሙት ነገር ከነስምዎ ይታያል።»

«እኔም እታያለሁ?»

«እኔም እታያለሁ። ሥራ አስኪያጁም ይታያል።»

ሥራ አስኪያጁም የሚለው ትንሽ አጽናናቸው።

«አንቱስ ቢታመሙ? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እኔ አልታመምም!»

«ፍላሹስ? ኮቱ ሲታጠብ እሱም አይታጠብም?»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ሄደ። እንዴት አወቀች?

«እሺ፤ ይሁን» አሉ። «ይህን ሁሉ ካሰብሽ፣ ለምን በአንድ ቀን ጨርሰሽ አትገላግይንም?»

«እሱማ የወሬዎ ዩኒየን መሆን ነው። መጀመሪያ ይፋግን ብቻ እናዛውራለን፤ ቀጥሎ እብናትን። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካልተናገሩ አሮጌው አይዘጋም። የምንሻገረውም ከፋሲካ በኋላ፣ ማዳበሪያ መከፋፈል ሳይጀምር ነው። ያን ጊዜም አሮጌው አይደመሰስም፤ ብንወድቅ የምንመለስበት አለን።»

ለአቶ ገሰሰ ሐሳቡ ልክ መሰላቸው፤ ልክ መምሰሉ ደግሞ የባሰ አስጠረጠራቸው።

የይፋግ ቁጥር ገጠመ። የእብናት ሲመጣ ግን አዲሱ ሲስተም ላይ ያለው የአምና ዩሪያ ከአሮጌው እጅግ በልጦ ተገኘ። አቶ ገሰሰ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይኸው! ማሽንሽ ዩሪያ ወለደ! አልማዝ፣ ነይ እዪ!»

«ወይ የእኔ ጨምሯል፣ ወይ የአንቱ ጎድሏል» አለች እፀገነት።

«የእኔ ጎድሏል? ሌባ እያልሽኝ ነው?»

ልጅቷም ፊቷ ተለዋወጠ፤ ስለ እብናት ሐሜት እሷም ሳትሰማ አልቀረችም።

«ሌባ አላልሁም። ገና አላወቅሁም ነው የምለው። አንቱም ስለ እኔ ገና አላወቁም። እኔ መጋዘኑን የጠየቅሁት ቀን በቀን ስለሆነ፣ ቀን በቀን እንየው።»

አምና እብናት ያከፋፈለችው ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንደ አጥር ተደርድሮ ቆመ። ሐምሌ ዝቅ ያለ ነው። ነሐሴ ከፍ ይላል። ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ ግን፣ መስከረም ሳይገባ፣ ከሁሉ የረዘመ ቆሟል።

አቶ ገሰሰ መነጽራቸውን አደረጉ። ረዥሙን በጣታቸው ነኩት።

«ጳጉሜን» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «የእብናት ሰው ጤፉን ዘግይቶ ነው የሚዘራ። ዩሪያውን የሚያነሳው በጳጉሜን ነው። የእኔ ሠንጠረዥ... ፈረንጆቹ በፕሮጀክቱ ጊዜ የሠሩልን ነው። አሥራ ሁለት ወር ነው ያለው።»

ወዲያው ለእብናቱ መጋዘን ጠባቂ ለዓለምነው ደወሉለት።

«ዓለምነው፣ የጳጉሜንን ዩሪያ ከየትኛው ወር ጋር ነው የምትነግረኝ?»

«ጌታዬ፣ መቼ ጠይቀውኝ? ነሐሴን ይጠይቁኛል፣ ነሐሴን እነግርዎታለሁ። መስከረምን ይጠይቁኛል፣ መስከረምን እነግርዎታለሁ።»

«ይፋግስ?»

«ይፋግ ያለው ብልጥ ነው፤ ሳይጠየቅ ነሐሴ ላይ ይደምራታል አሉ።»

ስልኩን ዘጉ። «እኔም በየዓመቱ ከተላከው የጎደለውን ‹ዝናብ ያበላሸው› እያልሁ ስሞላው!» አሉ። «የገዛ አገሬን በገዛ እጄ...»

«አንቱ ብቻ አይደሉም» አለች እፀገነት፤ እንደ ወትሮዋ አልተሳለቀችም። «እኔም በወር በወር ብጠይቅ ኖሮ ያንኑ ጉድለት ወደ አዲሱ ተሸክሜው እሄድ ነበር። አሮጌውን ቸኩዬ ዘግቼው ቢሆንማ ‹ሲስተሙ አበላሸው› ብለው ያባርሩኝ ነበር።»

«አባርርሽ ነበር» አሉ ሳያፍሩ። ከዚያም ፍላሹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የይለፍ ቃሉን ጻፊ። ዓለምነውንም፣ ሌሎቹንም እኔ አስተምራቸዋለሁ፤ ያንቺን ንግግር አይችሉትም።»

ከፋሲካ በኋላ ተሻገሩ። ያ ክረምት ሲያልፍ ጥቅሙ ለሁሉም ታየ። የእብናት ድርሻ ጳጉሜንን ጨምሮ ተሰላ። ተስፋነህ የትኛው መጋዘን ሊያልቅበት እንደሆነ ሳይጮኹበት በፊት ያውቃል። ሠላሳ አንዱ ሪፖርት ዘጠኝ ሆኖ፣ ዘጠኙም ይነበባል። «አልታመምም» ያሉት አቶ ገሰሰ በሐምሌ ወገባቸውን ታመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲሰነብቱ ሥራው አንድ ቀን አልቆመም፤ ይህ ደስ አላቸው፣ ትንሽም ከፋቸው። በጳጉሜን መጨረሻ ይሻው በራቸው ላይ ቆሞ «ወንድም ጋሼ፣ አለህ?» ሲል ግን ሌላውን ሁሉ ረሱት።

በመስከረም ከዓባይ ማዶ፣ ከዚያው ወሬው ከሚነገርበት ዩኒየን፣ አስናቀ የሚባል ባለሙያ ተሞክሮ ሊወስድ መጣ። አቶ ገሰሰ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጎንብሰው ተቀበሉት።

«በዝውውሩ ጊዜ የደረሰባችሁን ሰምተን አዝነን ነበር» አሉት። «እንዲያው ቅጂ ሳትይዙ...»

«የምን ዝውውር?» አለ አስናቀ። «እኛ መቼ ተዛወርን? አለቃችን ሲስተም ፈርተው ዛሬ ነገ ሲሉ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ነው ተቃጥሎ የሦስት ዓመት ቁጥር ይዞብን የሄደው።»