የሮቢ ዳር ሾላዎችና የኔ ምላስ

አትፍረዱብኝ አልላችሁም፤ ፍረዱብኝ። በጣሊያን ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ለመንገዱ መሐንዲስ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዝናብ ቀረና ያገሬ ሰው ለዱዓ ሜዳ ወጣ፤ እንደ ልማዱም አላህ ጊዜውን እንዲገለብጥለት ሁሉም ኩታውን ገልብጦ ለበሰ። መሐንዲሱ የሽፍቶች መለያ መሰለውና ወታደር አስከትሎ ከበባቸው።

«ዝናብ እየለመኑ ነው ጌታዬ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «ኩታ ስለተገለበጠ አይዘንብም በላቸው! ደመና ወደ ጣርማ በር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል፤ በቃ!» ተረጎምኩ።

ዱዓውን የሚመሩት አጎቴ ሼህ እንድሪስ ነበሩ። «እውነቱን ነው፤ ደመናው ሽቅብ ሲወጣ እያየን ነው ያረጀነው» አሉ። «ግን ይህ ሰውዬ የሮቢን ወንዝ ዳር ሾላ ለመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ማገዶ ሳያስቆርጠው በፊት፣ ደመናው እዚህም እኛ ዘንድ ቆም ይል ነበር። ጥላው ሲሄድ መሬቱ ጋለ፣ ምንጩም ደረቀ። የቀሩትን እንኳ ይተውልን በለው።»

እንጀራዬ ታየኝ። «ስላስተማሩን እናመሰግናለን ይላሉ» አልኩት። መሐንዲሱ ደስ አለው።

አጎቴ ቋንቋውን ባይሰሙም የትርጉሜን ማጠር አዩ። «ያን ሁሉ ተናግሬ ካንተ የወጣው ይህችው ናት? አንተም እንደዚያ ደመና ተሸክመኸው አለፍክ!» አሉኝ።

በማግስቱ መሐንዲሱ የቀሩት ሾላዎች እንዲቆረጡ፣ ቆራጮቹም እነዚያው የዱዓው ሰዎች እንዲሆኑ አዘዘ። ያንን ግን አንዲት ቃል ሳልጥል ተረጎምኩላቸው።