ከትንፋሻቸው ላይ የተቀነሰው

እ.ኤ.አ. በ1985 የጥቅምት ወር ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዓሣ ልገዛ ባልቲሞር መሀል ወደሚገኘው የገበያ አዳራሽ እንደገባሁ፣ ከዓሣ ጠባሹ ፊት ወንድም ሌሙኤል ጌይተርን አየኋቸው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዓመት አብረን አምልከናል። እሳቸው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የትንፋሽ መለኪያ ክፍል ኀላፊ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ገና ከሩቅ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ የሚሰጡት ሰው ያን ቀን አላነሡም። ዓሣቸው ወረቀቱ ላይ ቀዝቅዟል፤ በእጃቸው አንድ ፖስታ ይዘው ትክ ብለው ያዩታል።

"ምነው ወንድም ጌይተር፣ አጥንት በዛበት እንዴ?" አልኳቸው።

"አጥንቱስ ጉሮሮዬ ላይ ነው የተሰነቀረው፣ እህት ፒንክኒ። ያውም እርስዎ አስተምረው የላኩልኝ አጥንት!"

ቨርኔታ ኮልን ማለታቸው ነው። ቨርኔታ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጥያቄ የምታበዛው ነበረች። ሁለት ዓመት የሕክምና መሣሪያ ሥራ ተምራ፣ ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ በእሳቸው ሥር ትሠራለች።

"ምን አጠፋች?"

"ማክሰኞ ዕለት ሩፉስ ዶርሲ የሚባል ሰው መጣ። በመርከብ መሥሪያው ግቢ ቧንቧ በአስቤስቶስ ሲጠቀልል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ትንፋሽ አጠረኝ አለ፣ ነፋ፣ ለካችው። ከዚያ እመቤቲቱ ለአንድ ሰው ሁለት ወረቀት አወጣችለት! በአንደኛው ጥቁር ብላ፣ በሁለተኛው ነጭ ብላ፣ ሁለቱንም አያይዛ ለዋናው ሐኪም ላከች። ሩፉስ ዶርሲ ነጭ! በጨለማ ጥርሱ ብቻ የሚታይ ሰው! ሐኪሙ ጠርቶ 'ክፍልህ ውስጥ ቀልደኛ ቀጥረሃል' አለኝ። ይሄ የስንብት ደብዳቤዋ ነው። ሰኞ ጠዋት ፈርሜ እንድመልስ ታዝዣለሁ።"

"ቀልድ አልነበረም፣ ሚስተር ጌይተር" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ቨርኔታ ለእናቷ ዓሣ ልትገዛ ተሰልፋ ኖሯል። ሁሉንም ሰምታለች። ወደ እኔ ዞራ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። እሳቸው ፖስታውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አፍረውም ተቆጥተውም ነበር።

"ከሰማሽማ ደግ። ንገሪኝ እስቲ፣ ልጄ፣ ምን ነካሽ? መሣሪያው ሰውን አያውቅም። ብረት ነው፣ ዓይን የለው፣ ጥላቻ የለው። እኔ እዚያ ክፍል መጀመሪያ የገባሁት መወልወያ ይዤ ነበር፤ ታውቂያለሽ? ማታ ማታ እየወለወልሁ፣ መመሪያውን እያነበብሁ ነው የተማርሁት። በአርባ ዓመቴ እንኳ በዚህ ከተማ ሁሉም 'ና አንተ ልጅ' ሲለኝ፣ ያ መሣሪያ ብቻ ነው ያላለኝ። ነጩ ቢነፋበትም ጥቁሩ ቢነፋበትም ቁጥሩን ይሰጣል። በቃ!"

እኔም ለመሣሪያው እንዲህ መቆርቆራቸው ከምን እንደመጣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሲያዋርዳቸው ቀና ያደረጋቸው እሱ ነውና።

"ቁጥሩን ከመስጠቱ በፊት ግን ይጠይቃል፣ ሚስተር ጌይተር" አለች ቨርኔታ በለሰለሰ ቃል። "ዕድሜ ይላል፣ ቁመት ይላል፣ ከዚያ ዘር ይላል።"

"ቢጠይቅስ! ቁመትም ይጠይቅ የለ?"

"ቁመትን በሜትር ይለካሉ። ዘሩን ግን በምንድነው የሚለኩት?"

"በዓይኔ ነዋ!"

"የፊኒ ወንድማማቾች የመጡ ጊዜስ? አንዱ ጠይም፣ አንዱ ከሐኪሙ የቀላ። የአንድ እናት ልጆች፣ የአንድ ግቢ ሠራተኞች። የትኛውን ቁልፍ ተጫኑላቸው?"

ወንድም ጌይተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የቀላውን… ነጭ መስሎኝ ነበር" አሉ። "በኋላ ነው የታረመው።"

"ነጭ ሲሉት ምን ሆኖ ወጣ?"

"ሳንባው የተጎዳ።"

"ሲታረምስ?"

"ደህና" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዓሣ ጠባሹ ሳይቀር ጆሮውን ጥሎ ያዳምጥ ነበር።

አንባቢዬ እንዲረዳው ነገሩን ባጭሩ ልናገር። መሣሪያው ሰውዬው የነፋውን አየር፣ በዕድሜውና በቁመቱ ያለ ጤነኛ ሰው ሊነፋ ይገባዋል ከሚለው ልክ ጋር ያወዳድራል። ከመቶ ሰማንያ ካልሞላ ሳንባው ተጎድቷል ይላል። ሰውዬው ጥቁር ከሆነ ግን፣ ማወዳደሪያውን ልክ አስቀድሞ ከመቶ አሥራ አምስት ይቀንስለታል፤ ከጥቁር ይህን ያህል አይጠበቅም ብሎ። ስለዚህ ሩፉስ ዶርሲ በአንዱ ወረቀት ሰባ ስድስት አግኝቶ ሕመምተኛ፣ በሌላው ሰማንያ ዘጠኝ አግኝቶ ጤነኛ ነው። ሕመምተኛ ከተባለ ሳንባ ከሚያጠፋው የአስቤስቶስ አቧራ ይወጣል፤ ጤነኛ ከተባለ ይመለሳል።

"አሥራ አምስቱን ያመጣው ማነው?" አልኳት።

"እኔም እሱን ነው የፈለግሁት፣ ሚስ ፒንክኒ። የመሣሪያው መመሪያ አንድ መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ መጽሐፉ ሌላውን፣ ሌላውም የባሰውን አሮጌ። ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ስመላለስ ከርሜ መጨረሻ ላይ የደረስሁት በባርነት ዘመን የነበረ አንድ የደቡብ ሐኪም ጋ ነው። ጥጥ ለቃሚዎቹን ትንፋሽ ለክቶ ያንሳል አለ። ለምን አነሰ? የሚበሉት ምንድነው? የሚያድሩት የት ነው? ብሎ አልጠየቀም። ተፈጥሯቸው ነው፣ ለሳንባቸው የሚበጀውም የእርሻ ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ቁጥሩን ወሰዱ፤ ጥያቄውን ትተው።"

"እሱማ ድሮ ነው" አሉ ወንድም ጌይተር። "ያ ዘመን አልፏል። ነፃ ወጥተናል።"

"እኛ ወጥተናል፤ ቁጥሩ ግን አልሰማም።"

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆችን 'ሰው ይዋሻል፣ መሣሪያ አይዋሽም' ስል ኖሬአለሁ። መሣሪያ ሲሠራ ሠሪው የሚያምነውንም አብሮ እንደሚያስገባበት አላስተማርኋቸውም። ይቺ ልጅ ያላስተማርኋትን አውቃ ስትናገር ከኩራቴ ይልቅ ኀፍረቴ በለጠ።

ወንድም ጌይተር ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። "ቆይ" አሉ ጣታቸውን አንሥተው። "አንድ ነገር አላየሽም። በእኔ ወጣትነት ፋብሪካዎቹ ጥቁር ላለመቅጠር ሰበብ ሲፈልጉ 'ሳንባህ ደካማ ነው' ይሉን ነበር። ቅነሳው ቢቀር ነገ ጤነኛውን ልጅ ሕመምተኛ ብለው ከደጅ ይመልሱታል። ያኔ እንጀራውን የዘጋሽው አንቺ ነሽ!"

ይህ የማይናቅ ክርክር ነው። ቨርኔታም አልናቀችውም፤ ጥቂት አሰበች።

"እውነትዎን ነው" አለች። "ለዚህ ነው አንዱን ወረቀት ጥዬ አንዱን ያልላክሁት። እኔ የምለው ሰውየውን ከራሱ ጋር እናወዳድረው ነው። አምና ስንት ነፋ? ዘንድሮስ? ደግሞም ቀለሙን ከምንጠይቀው ምን ሲተነፍስ እንደኖረ እንጠይቀው። በወረቀታችን ላይ ስለ አቧራ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ የለም፤ ስለ ቆዳ ግን አለ።"

ወንድም ጌይተር ድንገት ኪሳቸውን ዳብሰው የቁልፍ ዘለላ አወጡ።

"ኑ እንሂድ" አሉ። "ሁለታችሁም። በወሬ አልረታም፤ ዓይኔ ይይ።"

ሆስፒታሉ ከገበያው ሩቅ አይደለም። ክፍሉ ቅዳሜ ዝግ ነው። ወንድም ጌይተር ኮታቸውን አውልቀው፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ሌላውን ያስቀመጡበት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ቨርኔታ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ያዘችላቸውና ቱቦውን አፋቸው ውስጥ አደረገች።

"ይሳቡ… ይሳቡ… አሁን ይንፉ! ንፉ ንፉ ንፉ! አያቁሙ! ገና አለ፣ ገና አለ!"

እሳቸው ለሰው ሁሉ የሚሉትን ነበር የምትላቸው። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነፉ። ሦስት ጊዜ ነፉ። በሦስተኛው ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ቶሎ አለቀቃቸውም።

ከሁሉ የበለጠው ሦስት ሊትር ሆነ። ቨርኔታ መጀመሪያ ጥቁር የሚለውን ነካች። ወረቀቱ ወጣ፦ ሰማንያ ስምንት፣ ጤነኛ።

"መሣሪያውን ስሞክር ሁልጊዜ የማየው ይሄንኑ ነው" አሉ እፎይ ብለው።

ቀጥላ ትንፋሹን ሳትነካ ነጭ የሚለውን ተጫነች። ሰባ አምስት፣ የተጎዳ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ወንድም ጌይተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አጠለቁት።

"በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ" አሉ፣ "የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ መርከብ መሥሪያው ግቢ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመርከቦቹ ማሞቂያ ክፍሎች ውስጥ ነበርን። የአስቤስቶሱ ነጭ ብናኝ ከላይ እንደ በረዶ ይወርድብናል። እያድቦለቦልን እንወራወርበት ነበር፤ ሳቃችን! ደረጃ ስወጣ ሲያቃጥለኝ እርጅና ነው እያልሁ…" ሳሉ ተመልሶ መጥቶ አላስጨረሳቸውም። ሲለቃቸው "እህት ፒንክኒ፣ ስንቱን ነው 'ደህና ነህ፣ ወደ ሥራህ ሂድ' ያልሁት?" ብለው ጠየቁኝ።

ቨርኔታ ወንበሯን አስጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። "እርስዎ አልሠሩትም፣ ሚስተር ጌይተር" አለቻቸው።

"አልሠራሁትም። ቁልፉን የተጫንሁት ግን እኔ ነኝ" አሉ። ፖስታውን አውጥተው፣ ሳይቀድዱት፣ ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው መለሱት። "ሰኞ አብረሽኝ ትገቢያለሽ።"

ሰኞ ጠዋት የሆነውን ቨርኔታ ነገረችኝ። ያልተፈረመውን ደብዳቤና ሁለቱን ወረቀቶች በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "ጌታዬ፣ ይህ የእኔ ትንፋሽ ነው። ታምሜአለሁ ወይስ ደህና ነኝ? አንዱን ይምረጡልኝ" አሉት። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የተማረውን አምኖ የኖረ ነው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ፊታቸውን አየ፣ ተወው። ራጅ እንዲነሡ ላካቸው። በሁለቱም ሳንባቸው ላይ የአስቤስቶስ ጠባሳ ተገኘ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። የሐኪሞቹ ጉባኤ እስከ ጥር ድረስ ተከራከረ፤ አንዳንዶቹም እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም ልማዱ ተለወጠ። በዚያ ክፍል የአሥራ አምስቱ ቅነሳ ብቻውን ማንንም ጤነኛ ማሰኘቱ ቀረ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ ያለፈ ትንፋሽ ጋር ይነጻጸራል፤ የት እንደሠራና ምን ሲተነፍስ እንደኖረ በዝርዝር ይጠየቃል። ሩፉስ ዶርሲ ከቧንቧው ወጥቶ መሣሪያ ዕቃ ቤት ተመደበ። ቨርኔታ በሥራዋ ጸናች። ወንድም ጌይተር ደግሞ የድሮ መዝገቦችን እያገላበጡ፣ ደህና ተብለው ከተመለሱት መካከል አርባ አንድ ሰዎች አገኙ፤ እንዲመጡም ጻፉላቸው። ያልመለሱትን እየዞሩ በየቤታቸው ፈለጉ።

አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ከነበረው ከጆርዳን ስዋን ቤት ስንደርስ ሚስቱ ኢዶራ ተንበርክካ የደጇን ነጭ ደረጃ ታጥባለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

ወንድም ጌይተር ባርኔጣቸውን አውልቀው የመጡበትን ሁሉ ነገሯት። ጨርቁን እንደያዘች አዳመጠች።

"ወረቀቱን ኩሽናችን ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር" አለች። "አውቶቡስ ፌርማታ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ያርፋል። 'ደህና ነህ ብለውኛል፤ ይሄ የእኔ ስንፍና ነው' እያለ ራሱን ይሰድብ ነበር። ስንፍና! ጆርዳን!"

"ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እመቤቴ" አሉ ወንድም ጌይተር።

ቀና ብላ ተመለከተቻቸው። ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ። ጨርቁን ጨምቃ ባልዲው ጠርዝ ላይ አሰጣችው።

"ልጄ ሌስተር እዚያው ግቢ ነው የሚሠራው" አለች። "ስድስት ዓመቱ። ሰኞ ልላከው?"

"ዛሬ ይምጣ" አሉ። "ክፍሉን እከፍትለታለሁ።"

ሌስተር በዚያው ከሰዓት መጣ። ቨርኔታ ለካችው፤ በዓመቱ ደግማ ስትለካው ትንፋሹ ቀንሶ ተገኘ። በአሮጌው አቆጣጠር ግን ሁለቱም ጊዜ ጤነኛ ነበር። ሳይመሽበት ከዚያ ሥራ ወጣ። ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ እሑድ እሑድ እናቱን ይዞ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ደረጃ ሳያርፍ ወጥቶ፣ ወንድም ጌይተር አጠገብ ይቀመጣል።