ተርጓሚው ያላነበበው መጨረሻ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አይ፣ አይነሱ፤ ስፒሉንም ከአፍዎ አያውጡት። በዓይንዎ ሰላም ካሉኝ ይበቃኛል። ይቺ ቀሚስ ናት እግሬን እየጠለፈች ያስቸገረችኝ፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል ያሳጥሩልኝ። በርጩማው ላይ ልውጣ? እሺ፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ወሬውን ለእኔ ይተዉት፤ እርስዎ አፍዎ ስፒል ይዟል፣ የእኔ ባዶ ነው።

የስፌት መኪናዋ አዲስ ናት አይደል? ድምጿ እንዴት ደስ ይላል። የድሮዋ ስትሰፋ ከመንገዱ ማዶ ትሰማ ነበር። ልጅዎ ነው የገዛልዎ? ይባረክ። አሁንም እዚያ ክፍል ውስጥ ነው? በሩን ገርበብ አድርጎ… ይሥራ፣ ይሥራ፣ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኛል። እንዳልረብሸው ቀስ ብዬ አወራለሁ። ቢሰማንስ ደግሞ ምን አለበት? እሱን የሚመለከት ነገር እንደሆነ አናወራ።

ሴት ልጅዎስ ደህና ናት? አሁንም ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ናት? እሁድ እሁድ መምጣት ተወች የሚሉት እውነት ነው? … ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ስታይ የምትውል ልጅ እሁድ ቢደክማት አይፈረድባትም። የወንድሟን ዕድገት እንኳ መጥታ ማየት አልቻለችም፣ ምስኪን።

ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ? እሺ።

እኔማ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እርስዎ አያውቁትም፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የሥራው ሁለተኛ ክፍል ለሽያጭ ይወጣል። ምን ዓይነት ሥራ? እንግዲህ እንዴት ላስረዳዎ… ቪዥዋል ኖቭል ይሉታል። ጌም ነው ሲሉዎት ተኩስ እንዳይመስልዎ፤ የሚነበብ ነው። ስክሪኑ ላይ ሥዕል አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ከሥር አንዲት ሳጥን አለች፣ ሰዎቹ የሚናገሩት እዚያች ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ይወጣል። አልፎ አልፎ ቆም ይልና “ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?” ብሎ ያስመርጥዎታል። በመረጡት መንገድ ታሪኩ ወደ ሌላ መጨረሻ ይወስድዎታል። ይሄ የምልዎ ሃያ መጨረሻ አለው። ሁሉንም ለማዳረስ ወራት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። ትዕግሥት የሌለው ደግሞ ሳያነበው ይሸጠዋል።

አይ፣ ምላሴ አዳለጠኝ። ተርጉሞ ይሸጠዋል ልል ነው።

ታሪኩ በሰው አገር ቋንቋ የተጻፈ ነው። የእኛ ሰው እንዲያነበው ብለን ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ሆነን ጀመርነው፣ በነፃ፣ ስለወደድነው ብቻ። የእኔ ሥራ የተተረጎመውን ሳጥኑ ውስጥ መክተት ነበር፤ መስመሩ እንዳያልፍ፣ ፊደሉ እንዳይቆረጥ። የገልባጭ ሥራ ነው፣ አልኮራበትም። ያ ልጅ ደግሞ ማስታወቂያውን ይሠራ ነበር። ኦንላይን ገብቶ “በቅርቡ ይጠብቁ” ይላል። ሰው ማስጠበቅ ላይ አቻ የለውም። ሦስተኛዋ… እሷ እንኳ ያን ያህል የሚወራላት አይደለችም። ቋንቋውን ስድስት ዓመት ብቻዋን ተምራ፣ ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየተረጎመች ታመጣልን ነበር። ይኸው ነው። ከመተርጎም በቀር ያደረገችው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ሰው ወደደው። አለቀስን ብለው የጻፉ አሉ። ከዚያ ልጁ አሰበልን። ማሰብ የማንችል ሰዎች መሆናችንን በጊዜ አወቀልን። በነፃ ይነበብ የነበረውን አነሳና በየወሩ ወደሚከፈልበት ገጽ አስገባው። ሦስት ዓይነት ደጋፊ አለው። ትንሹ ደጋፊ ያነባል፤ መካከለኛው ከሌላው ሰው አንድ ሳምንት ቀድሞ ያነባል፤ ለትልቁ ደግሞ ልጁ በራሱ ድምፅ ምስጋና ቀድቶ ይልክለታል፣ ስሙን እየጠራ። ይሄን አደንቅለታለሁ። የከፈለን ሰው ስም አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።

እኔም ከፍዬ ገብቻለሁ፣ አልደብቅዎም። በገዛ እጄ የከተትኳቸውን መስመሮች ላነብ። አንዴ ተናድጄ አቋረጥኩት፣ ከዚያ ተመልሼ ከፈልኩ። ምን ላድርግ፣ ከሥር የሚጻፈውን የሰው አስተያየት ካላየሁ አያስችለኝም። በዚህ እንኳ ማንንም አልወቅስም፣ ሞኝነቱ የራሴ ነው።

ኮርስም ይሰጣል፣ ያውቃሉ? “የትርጉም ጥበብ በሰባት ትምህርት”። አምስተኛው ትምህርት ስለ ትሕትና ነው። ማስታወቂያው ላይ ከጀርባው ወፋፍራም መጻሕፍት ደርድሮ ተቀምጧል፤ ያምርበታል። መጻሕፍቱን አውቃቸዋለሁ፣ የእህቱ መዝገበ ቃላት ናቸው። ስትሄድ ትታቸው ነው።

እህት እንዳለችው አልነገርኩዎትም ለካ። ሦስተኛዋ ያልኩዎት እህቱ ናት፣ ታላቁ። ገጹ ላይ “ተርጓሚ” ይላል፣ ከሥሩ አንድ ስም አለ፣ የሱ። አንድ ቀን “ስሜን ከጎንህ አድርገው” አለችው። ከጎንህ ነው ያለችው፣ ከበላይህ አላለችም። ምን ቢላት ጥሩ ነው? “ሁለት ስም አንባቢን ያደናግራል።” ለአንባቢ እንዲህ የሚያዝን ሰው ከየት ይገኛል? ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም እዚያ ቤት መምጣት ተወች። እናትየዋ ሥራ በዝቶባት ነው ይላሉ አሉ።

ኧረ ቀስ፣ ስፒሉ ቆዳዬን ነካኝ። ምንም አይደል፣ ይቀጥሉ።

የአንባቢውን ክርክር ብነግርዎ ይስቃሉ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ታላቅ እህቱን የሚጠራበት ቃል አለ፣ አክብሮትም ፍቅርም ያለበት። ግማሹ አንባቢ “የባዕዱ ቃል እንዳለ ይቀመጥ፣ መተርጎም ማበላሸት ነው” አለ። ግማሹ “እህቴ ቢባል ይበቃል” አለ። አንዱማ “ሲስተር ይባል” ብሎ ስድብ ጠገበ። በዚህ የተነሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተኳረፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ። የእኛዋ ለካ “እታለም” ብላ ጽፋው ኖሯል። ሲወጣ ክርክሩ እዚያው አለቀ፤ ሌላ ቃል ሊሆን እንደማይችል ሁሉም ገባው። ልጁ በቀጥታ ስርጭት ቀርቦ ከየት አገኘኸው ተባለ። ማይክራፎኑን አስተካከለና “ረጅም ጥናት ጠይቆኛል” አለ።

እውነቱን ነው። አፉን ከፈታ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ እህቱን እንደዚያ ብሎ ሲጠራ ነው ያደገው። አሥር ዓመት ያጠናው ቃል ነው። ትልቅ ሰው ልሁን ሲል ነው የተወው።

እርስዎ ቤትስ እንደዚያ የሚባባል ነበር? … ለነገሩ የማይገናኝ ነገር ነው የጠየቅኩዎት። ምነው የኪቦርዱ ድምፅ ጠፋ? ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወድለት አሥራ ሰባተኛውን መጨረሻ ነው። እዚያ ለመድረስ አምስት ቦታ ላይ “ዝም በል” የሚለውን መምረጥ አለብዎት፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይደርስበት ይቀራል። ያ ልጅም አልደረሰበትም፣ ዝም ማለት ይከብደዋል። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማለች፣ እናቷ ልትሸኛት መጥታለች። የዚያ ልጅ እህት አንድ ልማድ ነበራት። ቃል ሲጠፋት ቦታውን ባዶ አትተወውም፣ እዚያው ለእኔ መልእክት ትጽፍልኛለች፣ እኔም ለጊዜው እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ፤ በኋላ ትክክለኛውን ስታመጣ እተካዋለሁ። ያንንም ተክቼው ነበር። ልጁ ግን ለሽያጭ ያወጣው የቆየውን ፋይል ነው። አሮጌውን ከአዲሱ ለመለየት መክፈት ያስፈልጋላ። ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋላ። የሥራ ሰው ደግሞ በየት በኩል ጊዜ ይኖረዋል?

እና አሁን ከፍሎ የገባ ሰው እዚያ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ባቡሩ ያፏጫል፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ እናትየዋ አፏን ትከፍታለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን ተጽፎ ይወጣል? “ቆይ፣ እማዬን ልጠይቃት፤ ሴት ልጇን ስትሸኝ ምን ትላለች?”

ሰው አበደለት፣ እትዬ። “እናትየዋ በጭንቋ ሰዓት የራሷን እናት ፈለገች” አሉ። “ይሄን ጥልቀት የትም አላየንም” አሉ። ስለሱ አሥር ገጽ የጻፈ ሰው አለ። ልጁስ ሲጠየቅ ያፈረ ይመስልዎታል? “በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ተደብቆ ነበር፣ አውጥቼዋለሁ” አለ። አሁን ያቺን አረፍተ ነገር ኩባያ ላይ አሳትሞ ይሸጣታል። ነጭም አለ፣ ሰማያዊም አለ። ኩባያውን ለእህቱ ስልኬ ላይ አሳየኋት፣ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም።

ትክክለኛው ምን ይል እንደነበር ልንገርዎት? እህትየዋ እውነትም እናቷን ሄዳ ጠይቃለች። እናትየዋም እንደ እርስዎ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ አይገርምም? ኮት ሲያሳጥሩ ደርሳ “እማዬ፣ ሩቅ አገር ብሄድ ስትሸኚኝ ምን ትይኛለሽ?” ትላቸዋለች። እሳቸውም ለምን ጠየቅሽኝ ሳይሉ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ፣ “ሂጂ፣ በሩን አልቆልፈውም” አሏት። ደብተሯ ላይ አይቼዋለሁ። “እማዬ” ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። እኔ ያንን ሳጥኑ ውስጥ ስከት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ለምን ልዋሽዎ። ከፍሎ የሚያነበው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘውም።

… ምነው እትዬ፣ ስፒሉን ከአፍዎ አወጡት? ይናገሩ፣ ምንም አይደል። መልሰው ያዙት? እሺ። እኔም ስለ ሰው ቤት ነው እያወራሁ ያለሁት።

ብቻ አንድ ነገር አሳዝኖኛል። እህቱ ላቦራቶሪውን ትታ አንድ ማተሚያ ቤት በተርጓሚነት ልትቀጠር አመልክታ ነበር። ፈተናውን አለፈች። ከዚያ “ስምሽ ያለበት አንድ የወጣ ሥራ አምጪና ነይ” አሏት። እስከ ነገ ነው የሰጧት። ምን ትውሰድላቸው? ኩባያውን?

አሁን ስንት ሰዓት ነው? ዘጠኝ ተኩል። እንግዲህ ያ ልጅ ግማሽ ሰዓት አለው። ዛሬ የሚወጣው ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የእሷ ነው፣ ጨርሳው ነው የሄደችው። ገጹ ላይ “ተርጓሚ” የሚለው ቦታ እስከ አሥር ሰዓት ይታረማል አሉ፤ ከዚያ በኋላ በየሰው ኮምፒውተር ይገባል፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም። የአንድ ሰው ስም ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስሟ እንኳ አጭር ነው፣ አንባቢ አያደናግርም። እኔ ግን ማንንም አልመክርም። ኮርስ የሚሰጥን ሰው እኔ ገልባጯ ምን ብዬ ልምከረው?

ደግሞ ክፉ ልጅ ነው እንዳይመስልዎ፣ በሞቴ። እናቱን ይወዳል። ከሚያገኘው ላይ ለእናቱ ዕቃ ይገዛል፣ ጎረቤት ሁሉ የመሰከረለት ነው። እናት ደግሞ ስጦታው ከየት መጣ ብላ አትጠይቅም፣ የእናት ወጉ አይደለም። ሴት ልጇ ለምን ቀረች ብላም ካልጠየቀች… እሱንም እንግዲህ ወጉ ነው እንበለው።

አለቀ? ልውረድ? አምሮልኛል፣ እጅዎ ይባረክ። አሁን ሳልወድቅ እራመዳለሁ። አይ፣ ወንበር አያምጡልኝ፣ አልቀመጥም፤ ያ በር እንደዚያ በዝምታ ተገርብቦ ሳየው የመጣሁበት ጉዳይ ያለቀ መሰለኝ። እንዲያው መርቄ ልሂድ፤ እኔ ሰው መርገም አይሆንልኝም።

እግዜር ለዚያ ልጅ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ገበያው ይድራለት፣ ደጋፊው ይብዛለት። ደግ ሚስት ያግባ። ሲወልድ መጀመሪያ ሴት ይስጠው፣ ጎበዝ፣ ቋንቋ የሚቀናት፣ ታናሿን አዝላ የምታሳድግ። ቀጥሎ ወንድ ይስጠው። ያም ወንድ ልጅ በመልክም በጠባይም ቁርጥ አባቱን ይውጣ፤ ለእህቱም ልክ አባቱ ለእህቱ እንደሆነላት ያለ ወንድም ይሁናት።

አሜን በሉ እንጂ… ሁለታችሁም።