የድጋፉን በር ራሷ ሄዳ ላንኳኳችው ለየሻረግ

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ ከደማም ከሥራ ወጥታችሁ፣ ከራዋቢ ማዳማችሁን አስፈቅዳችሁ ዐቅረቢያ ሰፈር እዚህ ልቅሶ ቤት ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ያጽናን። እኔ መርዕድ ነኝ። ከየሻረግ ጋር በአንድ ሆስፒታል ሠርተናል፤ እኔ ላቦራቶሪ፣ እሷ አስተርጓሚ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለች ልቧ ቆመ። ነገ አስከሬኗ ወደ አገሯ ይሸኛል።

የሻረግ ሰው አታምንም ነበር። እውነቱን እንናገር። አታምንም ነበር! ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ እሷ ባለማመኗ የተረፋችሁ?

ዙለይኻ ይኸው እዚህ አለች። ባሏን ጋራዥ ውስጥ ማሽን እጁን ከጎዳው በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ። የልጆቹ ወተት እንኳ ቸገረ። ያን ሰሞን በየስልካችን መልእክት ዞረ፤ «መንግሥት ለውጭ አገር ሰዎች የኪራይና የምግብ ድጋፍ ጀምሯል፤ ተመዝገቡ» የሚል። አማርኛው ያማረ፣ ማኅተም ያረፈበት። ዙለይኻ ተመዘገበች። ወዲያው አንድ ሰው ደወለ። የኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ቁጥር ተቀበለና፣ «አሁን ስልክሽ ላይ የሚመጣውን ኮድ ንገሪኝ፤ ኸላስ፣ አለቀ» አላት።

የሻረግ ልትጠይቃት መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ወንድሜ፣ ከየትኛው ቢሮ ነህ?»

«ከመንግሥት።»

«የመንግሥት ቢሮ በር አለው። በራችሁ የት ነው?»

ዘጋው።

ዙለይኻ ተቆጣች። «ወላሂ፣ የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋሽው!» አለቻት። የሻረግ ምን መለሰች? «እሱ ሌባ ነው። ድጋፍ የሚባል ነገር የለም ግን አላልኩም። ነገ እንሄዳለን።»

ሄዱ። በታክሲ፣ ደማም፣ ድጋፉን ወደሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ። ሠራተኛው በደንብ አስተናገዳቸው፤ ድጋፉ ለዜጎች ብቻ እንደሆነ፣ መልእክቱም የእነሱ እንዳልሆነ ነገራቸው። ዙለይኻ ልትወጣ ተነሣች። የሻረግ ንቅንቅ አላለችም። «እንደሷ ላለችው ታዲያ ማን ይሰጣል?» ብላ በዐረብኛ ጠየቀችው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ጠቆማቸው። እሷ መቼ ታምናለች! «ፈቃድ አለው?» አለችው። ሰውዬው ሳቀና ፈልጎ አሳያት።

ከማኅበሩ ሰው መጥቶ ቤቱን አየ። ሩዙ መጣ። ዘይቱ መጣ። ወተቱ መጣ። ባሏ ሥራ እስኪመለስ በኪራዩም አገዟቸው።

ከዚያ ወዲያ የቸገረው ሁሉ ወደ የሻረግ ሆነ። ሐሜቱም አብሮ መጣ። «ሳትበላበት ነው እንዴ ቢሮ ለቢሮ የምትዞረው?» ተባለ። የት ተባለ? እዚሁ ሳሎን ውስጥ! ይህን የሰማች ቀን ሆስፒታል ምሳ ላይ ነበርን። «መርዕድ፣ ጠርጥሩ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ አይደለሁ? ይኸው ተማሩ» ብላ ሳቀች። ምሳዋን ግን አልጨረሰችም። ከዚያ በኋላ እሷ ውጭ ትቆማለች፤ ባለጉዳይዋ ራሷ ገብታ ትጠይቃለች። «እኔንም ጠርጥሩ፤ እኔን ብቻ ግን አትጠርጥሩ» ትላቸው ነበር።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት በየስልካችን ምን እንደመጣ አይታችኋል? «ለየሻረግ አስከሬን መሸኛ የመንግሥት ድጋፍ እንዲለቀቅ የኢቃማ ቁጥራችሁን ላኩ» ይላል። ፎቶዋ አለበት። ያ ፎቶ እዚህ ግድግዳ ላይ ካለው በቀር ሌላ የለም። ማን አነሣው? ትናንት እዚህ ተቀምጦ ከእኛ ጋር ያለቀሰ ሰው ነው። ምናልባት አሁንም እየሰማኝ ነው። ስም አልጠራም፤ አላውቅማ። ግን ካለህ ስማኝ፤ አልሆነልህም። ዙለይኻ መልእክቱን እንዳየች ወደ ሆስፒታሉ አስተዳደር ደወለች። የመሸኛውን ወጪ ሆስፒታሉ ከፍሎ ጨርሶታል። ከዚያ ለሁላችሁም እየደወለች አስጠነቀቀች። አንድም ሰው አልላከም።

የሻረግ፣ እህቴ፣ አሁን ላንቺ ልናገር። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስምሽን ከነአባትሽ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ልክ ነው። እህትሽ ፋና ቦሌ ትጠብቅሻለች፤ ድምፅዋን ሰምቼ አረጋግጫለሁ። እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ካጠገብሽ አንለይም። ስለ ሁላችን ነቅተሽ ኖርሽ። አሁን ተኚ፣ የሻረግ። እኛ ነቅተናል።