የኦቦ መርዳሳ ስንዝር

በ1973 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ከናዝሬት ወደ ኢተያ ስጓዝ፣ አውቶቡስ ውስጥ በሁለት ተከራካሪዎች መካከል ተቀመጥሁ። አንደኛው ኦቦ መርዳሳ የተባሉ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሌላው ደገፋ የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። መምህር ነኝና ክርክር አልጠላም፤ ይህንኑ ነግሬያቸው ጆሮዬን ሰጠሁ።

ኦቦ መርዳሳ ዘር በመበተን የታወቁ ናቸው። እጃቸው በረከት አለው እየተባለ፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ገብሱን የሚያስዘራው በእሳቸው ነው።

«በመስመር ከተዘራ የእኔ እጅ ምን ሊሠራ ነው?» አሉ በቁጣ።

«ኦቦ፣ እጅዎን ማን ደፍሮ! ግን አምና ገብስዎ ተኝቶ አልበሰበሰም?»

«ከጥጋቡ ብዛት ነዋ!»

«ከመታፈኑ ነው። ተጠቅጥቆ ስለተዘራ ነፋስ አጣ፣ አገዳው ቀጠነ። ዘሩም ረጅም ስለሆነ ዝናብ ይጥለዋል። እኔ የማመጣልዎ ዘር አጭር፣ አገዳው ጠንካራ ነው። በመስመሮቹ መካከል ሃያ ሳንቲም ይተዉለት።»

«ለማን ልተወው? ለአይጥ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ደገፋም ስቆ፣ «እንግዲያው ግማሹን ማሳ እርስዎ እንደ ልማድዎ ይበትኑ፤ ግማሹን በአዲሱ ዘር በመስመር እንዝራ። መምህሩ ዳኛ ይሁኑን» አለ። ማንም ሳያማክረኝ ተሾምሁ።

ኅዳር ላይ ልዳኝ ወደ ኦቦ መርዳሳ ማሳ ሄድሁ፤ ደገፋም አብሯቸው ይጠብቀኝ ነበር። የተበተነው ገብስ ምንጣፍ ሆኖ ተኝቷል። በመስመር የተዘራው ዛላውን ይዞ ቆሟል። የገረመኝ ግን፣ በዚያው በመስመሩ ማሳ አንዱ ጥግ መውደቁ ነው።

«ዘሩ አንድ ነው፤ ይህ ለምን ወደቀ?» አልሁ።

ኦቦ መርዳሳ አንገታቸውን ደፉ። «ባዶው መሬት አሳዘነኝ። ማንም ሳያየኝ በመስመሮቹ መሀል በተንሁበት» ብለው ተናዘዙ። ወደ ደገፋም ዞረው፣ «ልጄ፣ ረታኸኝ። ዘሩ ብቻውን አይበቃም፤ መተንፈሻም ይፈልጋል። ብቻ እጄ ሥራ ፈታ።» ድምፃቸው አሳዘነኝ።

ደገፋ እጃቸውን ይዞ ሁለት መስመሮች መካከል መሬት ላይ ዘረጋው። አውራ ጣታቸው አንዱን፣ ትንሿ ጣታቸው ሌላውን መስመር ነካች።

«ስንዝርዎ ልክ ሃያ ሳንቲም ነው! ሰፈሩ ሜትር የለውም። መስመሩን ከእርስዎ ሌላ ማን ሊለካለት ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አዘራር ዘር ይቆጠባል፣ አረም ተለይቶ ይታያል፣ ገብስም ቆሞ ይታጨዳል። በተከታዩ ሰኔ ስመለስ፣ ኦቦ መርዳሳ በጎረቤት ማሳ ተንበርክከው በስንዝር ይለካሉ፤ ተራ የሚጠብቁ አራት ገበሬዎች ዳር ቆመዋል።

ሲያዩኝ ከት ብለው ሳቁ። «መምህር! እጄስ ሥራ አላጣም፤ አሁን ያስቸገረኝ ጉልበቴ ነው!»