ከድርቆሹ መሐል

ላሊሴ ከሰባት ዓመት የኮሪያ ትምህርት በኋላ ወደ አገሯ በተመለሰች በሳምንቱ፣ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሱሉልታ መግቢያ ላይ ድንገት ቆመ። ከፊት ለፊት የመጣ አይሱዙ ጉድጓድ ላይ ተንገጫግጮ አንድ እስር ድርቆሽ አስፋልቱ ላይ ጥሎ ነበር። እስሩ ፈንድቶ ከዳር ከዳሩ ወርቅ የመሰለው ሣር ለብቻው፣ ከመሐሉ የነበረው የዓምና ጥቁር ሻጋታ ለብቻው ተዘረገፈ።

«አቤት! ኮቱን ለብሶ ገላውን ያልታጠበ ሙሽራ!» አለ አንዱ ተሳፋሪ፤ ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ።

ከአይሱዙው ጋቢና አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው በብብታቸው ነው። ላሊሴ በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማሯትን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለየቻቸውና ዘላ ወረደች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዲሪርሳ!»

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ! ላሊሴ ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን!» አቅፈው ይስሟታል፤ በእግራቸው ግን ሻጋታውን ወደ ቦዩ ይገፋሉ።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«ቡራዩ፣ ተረፈች ቤት። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው እኅታችን። አሁን ላም ታረባለች፤ ከትናንት ወዲያ አንዷ ወለደችላት። ዛሬ የምስጋና ጸሎት ስላለ ቃሉን የማካፍለው እኔ ነኝ። በዚያው የገዛችኝን ድርቆሽ ላድርስላት ብዬ ነው።»

«ይሄንን?»

ኦቦ ዲሪርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የገበያ ወግ ነው፣ ልጄ። መሐሉን በዓምናው የማይሞላ ማን አለ? ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ገበያ ሌላ።»

«እግዚአብሔር ሱሉልታን የሚጎበኘው እሑድ እሑድ ብቻ ነው?»

«እህ! ባሕር ማዶ ተምረሽ እኔኑ ልትሰብኪኝ መጣሽ? ለመሆኑ አንቺ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ትሄጂ ነበር?»

ላሊሴ ፊቷ ቀላ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «አልሄድም ነበር፣ ኦቦ። ከተውኩት አራት ዓመት ሆነኝ። ልጅ ሳለሁ አንድ እሑድ፣ አንቱ ጠዋት ‹ጌታ ሁሉን ያያል› ብለው አስተማሩን። ከሰዓት በኋላ በአጥራችሁ ቀዳዳ ሳይ ሻጋታውን በአዲሱ ሣር ሲጠቀልሉ አየሁዎት። ‹ሁሉን ካየ ይሄንንስ?› ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ያ ጥያቄ ኮሪያ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ።»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። ለታመመ የሚጸልዩ፣ ለተጣላ የሚደርሱ ሰው ናቸው። ነገር ግን እንደ ብዙዎቻችን፣ ሕይወታቸውን እንደ እርሻ ከፋፍለው አንዱን ማሳ ለጸሎት፣ ሌላውን ለሥራ ሰጥተው በመሐል አጥር አጥረው ነበር።

«ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ እኔ ብቻዬን ንጹሑን ባስር ሞኝ አይሉኝም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይበሉዎት! እኔ የተማርኩት የከብት መኖ ነው። የወለደች ላም ሻጋታ ከበላች ልትታመም፣ ወተቷም ሊነጥፍ ይችላል። ዛሬ በጸሎት የሚባርኩትን ጥጃ ነገ ድርቆሽዎ እንዲያስርበው ይፈልጋሉ?»

ኦቦ ዲሪርሳ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አዩት፤ ቦዩን አዩት። ከዚያ የአይሱዙውን በር በጡጫ መቱ።

«ቀጄላ! መኪናውን መልሰው! እስሩ ሁሉ ይፈታል።»

ሾፌሩ ዓይኑን አፈጠጠ። «ኧረ ኦቦ፣ ተረፈች እንግዳ ጠርታ እየጠበቀች! ጸሎቱስ?»

«ጸሎቱ ተጀምሯል፤ ንዳው!»

ላሊሴ ሻንጣዋን ከሚኒባሱ አውርዳ ጋቢና ውስጥ ወርውራ አብራ ሄደች። ኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ሲደርሱ ሦስቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው እስሩን እየፈቱ፣ ሻጋታውን እየለዩ፣ አቧራው እያስነጠሳቸው እየሳቁ ዋሉ። ሙሉ የነበረው ጭነት ግማሽ ሆኖ ቡራዩ ሲደርስ እንግዳው ሦስት መዝሙር ደጋግሞ ዘምሮ ጨርሷል።

ኦቦ ዲሪርሳ ልብሳቸው ላይ ሣር እንደተሰካ ቆሙ። መጽሐፉን አልገለጡም። «ተረፈች፣ እስከ ዛሬ ያመጣሁልሽ ድርቆሽ መሐሉ ሻጋታ ነበር። ይቅር በይኝ።»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተረፈች ግን ሳቀች።

«አባባ፣ አውቅ ነበር እኮ! ሁልጊዜ ፈትቼ፣ ለይቼ ነው ለላሞቼ የምሰጠው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ለአንቱ ልናገር አፈርኩ። ለጌታ ግን እናገር ነበር። ‹አንድ ቀን የኦቦን ድርቆሽ ሳልመረምር እንዳበላ አድርገኝ› እለው ነበር።» ይህን ብላ ወጣች፤ አንድ እስር አውርዳ ገመዱን በጠሰችና ውስጡን ሳታይ ላሟ ፊት አደረገችው። እልልታው ጎረቤት አስወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሰበታና የቡራዩ ከብት አርቢዎች ኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ሲመጡ እስሩን በዱላ እየወጉ መሐሉን መፈተሽ ትተዋል። የእኅት ተረፈች ጥጃ ወፍሯል። ሻጋታው የጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ሆኗል። ሞኝ ብለው የሳቁባቸው ድርቆሽ ሻጭ ጎረቤቶችም ገዢ አልፏቸው ሲሄድ እያዩ አንድ በአንድ የዓምናውን ከአዲሱ መለየት ጀምረዋል። ሽማግሌውም ሲሰብኩ እንደ ድሮው አይጮኹም፤ የሚሰማቸው ሰው ግን በዝቷል።

ላሊሴ ዛሬም ብዙ ጥያቄ አላት፤ አንዳንዱን ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ድርቆሽ እያሰረች ትከራከርበታለች። እሳቸው ሲጸልዩ ግን ዓይኗን ትጨፍናለች። አሜንም ትላለች፣ ጮክ ብላ።