ቦይለሩ ለቤቱ ይሆናል?

ወደ ጀሪፍ ሰፈር በምትሄድ፣ ሃፍላ በሚሏት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዘበኛና አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ከኋላዬ ተቀምጠው ሽማግሌው ስለሚጠብቀው ቤት በአማርኛ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ማዳም ከካይሮ ደወሉልኝ። የድሮው ቦይለር ስለተዘረፈ፣ ታንከር የሌለው፣ ውሃውን እዚያው የሚያሞቀው አዲሱ ዓይነት ለቤቱ ይሆን እንደሆነ እይልኝ አሉ።»

«ታዲያ ይሆናል?»

«ይሆናል። ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ ከቆጣሪው ጀምሮ ግቢውን ቆፍሬ ወፍራም ገመድ መቅበር አለብኝ።»

«በኒሙ ዛፍ ሥር?»

«አዎ።»

«አይሆንም በላት።»

«ለምን?»

«በጦርነቱ ጊዜ ሚስቴን የቀበርኳት እዚያ ነው።»

«ማዳም አያውቁም?»

«ነግሬያታለሁ። ‹አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር› አለችኝና ወዲያው ስለ ቦይለሩ ጠየቀችኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ አይሆንም እላቸዋለሁ። ሌላ ባለሙያ ቢልኩስ?»

«እሱንም እለምነዋለሁ።»

ጀሪፍ ደርሼ እስክወርድ ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም።